የአጎቴ እግር የደነዘዘበት መኸር

ፍሙ ከምድጃው ተፈናጥሮ በአጎቴ እግር ላይ፣ ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ ሲያርፍ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አየ። ያላዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጤፉ ዘንድሮ ቶሎ መድረቁን፣ ትንሽ ከዘገዩበት ፍሬው መሬት ላይ እንደሚረግፍ ለጎረቤታቸው እያስረዱ ነበር። ጠጉር ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ተነሣ። ጎረቤትየው በበትሩ ጫፍ ፍሙን ገፋ አደረገላቸው። አጎቴ ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩና "ምነው?" አሉ።

ከፍሙ ይልቅ ያቺ "ምነው" ጎዳቻቸው።

ዕለቱ ማኅበር የሚጠጣበት ቀን ነበር። ጾም ስለሆነ ሰው ቆሎ እየቆረጠመ ጠላውን ይዟል፤ የታኅሣሥ ጧት ስለሚበርድ እሳቱ በደንብ ነድዷል። ከተቀመጡት መካከል የአጎቴን ልጅ ለልጃቸው ያጩት ሰው ነበሩ። የአጎቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ደብራቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ዕለቱን የመጡት የወደፊት ዘመድ ተብለው ተጠርተው ነው። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እኒህ ሰው የተቃጠለውን ቦታ ለአፍታ አዩት፣ ከዚያ ዋንጫቸውን ሳይጨርሱ መደቡ ላይ አስቀመጡት። "ከብት የሚጠብቅልኝ የለም" ብለው ተነሡ። ጠላ ሳይጨርስ የሚሄድ አማች በእኛ አገር የለም።

በጎጃም ጋብቻ ከመቆረጡ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሰባት ቤት ድረስ የሚቆጠረው ሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ነው፤ ይህ ጮክ ተብሎ ይጠየቃል። ሌላው ጥያቄ በሹክሹክታ ነው። "በቤቱ ያ በሽታ አለ ወይ?" ይባላል። ያ በሽታ ማለት ቁምጥና ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምልክትም አለው፦ እሳት ሲነካው የማይሰማው ሰው።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። የአጎቴ ልጅ፣ ወንዱ፣ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው። ቤቱ ውስጥ የቀሩት አጎቴ፣ ሚስታቸውና ታጭታ ያለችው ሴት ልጃቸው ናቸው። እኔ ፍኖተ ሰላም ክፍል ተከራይቼ የአውራጃውን ወሬ ለጋዜጣ የምልክ ዘጋቢ ነበርሁ፤ አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ቤታቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። የአገው ተወላጆች ስለሆንን ባልና ሚስቱ ለሰው የማይሆን ነገር ሲኖራቸው በአገውኛ ይነጋገራሉ። የዚያን ዕለት ማኅበርተኛው ከወጣ በኋላ የተነጋገሩት ሁሉ በአገውኛ ነበር። እኔ ከእናቴ የያዝሁት ግማሹን ብቻ ነው፤ ግማሹም በቃኝ።

በማግሥቱ መንደሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ "ብርድ ነው፣ አጥንቱ ገብቷል" አለ። ሌላው ጓያ ነው አለ፤ በክፉው ዓመት ጓያ ያልበላ ሰው የለምና። የአጎቴ ሚስት መተት ነው ብለው ደጃፉን በዶማ ቆፈሩት፤ የወጣው አሮጌ የፈረስ ልጓም ነው። ጎረቤት ደግሞ ካቲካላ ነው አለ። አጎቴ ካቲካላ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ጎረቤቱ ግን ያውቀዋል። ያን አንዱን ስም የጠራው ሰው የለም። ሁሉም በሌላ ስም ዙሪያውን ዞረው ዞረው ተመለሱ።

በሥራዬ ወሬ ሲበዛ የማደርገው ነገር ቀላል ነው፤ ባለ ጉዳዩን እጠይቃለሁ። አጎቴን ከበረቱ አጠገብ አገኘኋቸው።

"አያ፣ መቼ ጀመረዎት?"

"ምኑ?"

"እግርዎ።"

"ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ነው። መጀመሪያ ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝ። ኋላ ጉንዳኑም ጠፋ።"

"ያምማል?"

"ቢያመኝማ እግር አለኝ እል ነበር።"

የትኛው ቦታ እንደሆነ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። የግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ባለው ጎን፣ እስከ እግራቸው ጀርባ ድረስ በጣታቸው አሳዩኝ። ባታቸውና ውስጥ እግራቸው ደኅና ነው። ቀኝ እግራቸውም ደኅና ነው። ሲራመዱ አየኋቸው፤ የግራው እግር ጣቶች መሬቱን ይቧጥጣሉ፣ በረባሶው ይቀራል። ሰውዬው እንደማንኛውም ጊዜ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ እግሩ ግን አልታዘዝ ብሏቸዋል።

"ፍኖተ ሰላም ሐኪም ይይዎት" አልኋቸው።

"አይሆንም።"

አይሆንም ያሉበት ምክንያት ገብቶኛል። ሐኪም ቤቱ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ኪኒን የሚሰጠው ሐሙስ ቀን ነው። ሐሙስ በዚያ አጥር አጠገብ የታየ ሰው፣ ለጉንፋንም መጥቶ ቢሆን፣ አገር ቤት ሲመለስ "የሐሙስ ሰው" ይባላል። ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር በአንድ ዋንጫ የሚጠጣ አይገኝም።

ሳምንቱ ሳያልቅ የአጎቴ የነፍስ አባት ከወንዙ ማዶ መልእክት ይዘው መጡ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ "ጉዳዩ ትንሽ ይቆየን" ይላል። አባ ሲናገሩ መሬት መሬት ያዩ ነበር። በእኛ አገር "ይቆየን" ማለት ምን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። አንድ ቤት በዚህ ምክንያት ልጃገረድ ከመለሰ፣ ሌላ ቤት አይጠይቃትም። እሷ ብቻ ሳትሆን ሰሜን ያለው ወንድሟም ቢመለስ ሚስት የሚሰጠው የለም።

አጎቴ አባን እስከ አጥሩ ሸኝተው ተመለሱና "የሐሙስ ቀን አይሁን እንጂ እሄዳለሁ" አሉ። "ስለ ፈራሁ አይደለም። ልጄ በእኔ እግር የተነሣ አትቀርም።"

በዚያ ጊዜ ከቀበሌ ቀበሌ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። አጎቴ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጥርሴን አሞኛል አሉትና ወረቀቱ እንደዚያው ተጻፈ። በጭነት መኪና ተሳፍረን ከቡሬ ስንወጣ ኬላው ላይ የቆመው ጠባቂ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "የትኛው ጥርስዎት ነው?" አለ።

"ሁሉም።"

"ታዲያ ምን ሊያደርጉልዎ ነው?"

"ይንቀሉታ። የእህሉን ኮታ ለመንግሥት ካስረከብሁ ወዲያ ምን ልበላበት ኖሯል?"

ጠባቂው ሊስቅ ፈልጎ አጠገቡ የቆመውን ባለ መለዮ አየና ዋጠው። አሳለፈን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ። አጎቴ ሲያዩት አላመኑትም፤ "ገና ጢም ያላወጣ" አሉኝ በአገውኛ። እሱ ግን አልቸኮለም። ልብሳቸውን አስወልቆ ጀርባቸውን፣ ክንዳቸውን፣ ጆሮአቸውን ጭምር አየ፤ ቆዳቸው ላይ የነጣ ወይም የቀላ ቦታ ፈለገ። ክርናቸው አካባቢና ከጆሮአቸው በታች በጣቱ እየዳበሰ የወፈረ ነርቭ አለ እንደሆነ ፈተሸ። ከዚያ "ዓይንዎን ይጨፍኑ" አላቸው።

"ለምን? ልትሄድብኝ ነው?"

"ስነካዎት 'እሺ' ይበሉ። ካልነካሁዎት ዝም።"

በጥጥ ጫፍ እግራቸውን መንካት ጀመረ። ባታቸው ላይ "እሺ"። ውስጥ እግራቸው ላይ "እሺ"። በውጭ በኩል ባለው ጎን ጥጡ ሲመላለስ አጎቴ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። በመርፌ ጫፍም ሞከረው፤ ያው ነው። ተረከዛቸው መሬት ላይ እንዳለ እግራቸውን ከፊት ወደ ላይ እንዲያነሡ ሲጠይቃቸው ቀኙ ተነሣ፣ ግራው ከቦታው አልነቃነቅ አለ።

ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እኔም እንደ ልማዴ በልቤ እከተለዋለሁ። ጀርባዎን ያምዎታል? አልጋው ላይ አስተኝቶ እግራቸውን ቀጥ አድርጎ አነሣው፤ ወገባቸው ላይ የሚነዝር ነገር የለም። ከወገብ የሚመጣ ነው የሚለውን ግምት ተወው። ውኃ ይጠማዎታል? ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብዎታል? ሽንታቸውን ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ በእሳት አሞቀው፤ ቀለሙ አልተለወጠም። ስኳርን ተወው። ጓያ በልተዋል? በልተዋል። "ጓያ ሁለቱንም እግር ያገትራል እንጂ የቆዳ ስሜት አያጠፋም" አለ፤ እሱንም ተወው። መጠጥና የምግብ ጉድለትም ቢሆን በአብዛኛው የሚጀምረው ከሁለቱም እግር ጣቶች ነው አለ። እግራቸው ላይ የደም ሥሩን ትርታ ቆጠረ፤ ደኅና ይመታል።

"አባባ፣ በዚህ ሰሞን ሥራዎ ምንድን ነው?"

"የገበሬ ሥራ ምን ይሆናል? አጨዳ ነዋ።"

"እንዴት ነው የሚያጭዱት? ያሳዩኝ።"

አጎቴ ሐኪሙን እንደ ሞኝ አዩት። ጤፍ እንዴት እንደሚታጨድ የማያውቅ ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ከክፍሉ መካከል ቁጢጥ አሉ፤ ጉልበታቸው እስከ ደረታቸው ታጠፈ፣ ቂጣቸው ተረከዛቸው ላይ አረፈ። በሌለ ማጭድ የሌለ ጤፍ እያጨዱ፣ እንደ ተቀመጡ አንድ እግራቸውን አስቀድመው ሌላውን እያስከተሉ ወደ መስኮቱ ተጓዙ።

"እንዲህ ሆነው ምን ያህል ይቆያሉ?"

"ማሳው እስኪያልቅ።"

"በመካከል አይነሡም?"

"ለምን እነሣለሁ?"

ይህን ለእሱ መተርጎም ግድ ሆነብኝ። በእኛ በኩል ጤፍ በወንፈል ይታጨዳል፤ ዛሬ ሰው ሁሉ የአንተን ማሳ ያጭዳል፣ ነገ አንተ የእነሱን። አጫጆች በአንድ መስመር ጎን ለጎን ቁጢጥ ይላሉ። የመስመሩ ራስ ላይ የሚሆነው ሰው ፍጥነቱን ይሰጣል፤ እሱ ሳይነሣ የሚነሣ ይሰደባል። "ወገቡ ቅቤ ነው፣ ፀሐይ አታሳዩት" ይሉታል። አጎቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የመስመር ራስ ናቸው። ዘንድሮ ደግሞ ልጃቸው ስለሌለ የእሱንም ወንፈል የሚመልሱት እሳቸው ናቸው፤ ለሠርጉ የሚረዳቸው ሰው እንዳይጎድል ብለው ያልዋሉበት ማሳ የለም።

ሐኪሙ ሰምቶ "እንደዚያው ቁጢጥ ብለው ይቆዩልኝ" አላቸው። ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሌላ ነገር መጻፍ ቀጠለ። አጎቴ ለእሳቸው ማረፍ ስለሆነ ተመችቷቸው ቁጢጥ ብለው ጠበቁ። ከዚያ አስነሥቶ ከግራ ጉልበታቸው በታች፣ በውጭ በኩል ያለችውን ጎባጣ አጥንት በጣቱ መታ አደረጋት። አጎቴ እግራቸውን መንጭቀው "ምን አደረግኸኝ!" አሉ። መንዘሩ እስከ እግራቸው ጀርባ ወርዷል።

"እዚህች አጥንት ላይ ዞሮ የሚያልፍ ነርቭ አለ። ከቆዳው ሥር ነው፣ ሥጋ አይከልለውም። ቁጢጥ ሲሉ ይታጠፋል፣ ይጫናል። ተነሥተው ቢያንቀሳቅሱት ይመለሳል። ማሳው እስኪያልቅ ካልተነሡ ግን ይታመማል። እግር የሚያነሣውም እሱ ነው፣ ያ ጎን የሚሰማዎትም በእሱ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንደማስበው ይኸው ነው። እርግጠኛ የሚያደርገኝ ግን ጊዜ ብቻ ነው። ቁጢጥ ማለት ያቁሙ። እስከ ፋሲካ ካልተሻላቸው መልሰህ አምጣቸው።"

"ያ በሽታ ቢሆንስ ኖሮ?" አልሁት።

"ቢሆን ኪኒን እሰጣቸው ነበር፤ እንደ ወትሮው ማሳቸው ላይ ውለው ቤታቸው ያድሩ ነበር። ሰዎቹ ጣታቸውን የሚያጡት ደብቀው ስለሚቆዩ ነው። ተደብቀው የሚቆዩት ደግሞ ይህን ጥያቄ እንደ አንተ አንሾካሽኮ የሚጠይቅ ሰው ስለበዛ ነው።"

ስንመለስ አጎቴ መኪናው ላይ ከጉልበታቸው በታች ያለችውን አጥንት በጣታቸው እየዳበሱ ሄዱ። ቡሬ ልንደርስ ስንል "'አይደለህም' ሲለኝ ደስ አለኝ" አሉ። "'ነህ' የተባለውስ ሰው? እሱ የምትታጭ ልጅ የለችውም?"

ምክንያቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሰው ማሳመን ግን ሌላ ሥራ ነበር። አባ ቀን ቆርጠው ሁለቱን ቤት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወይራ ሥር አገናኙ። የሙሽራው አባት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። አጎቴን ሳሟቸው፣ ግን እንደ ድሮው ትከሻቸውን አልመቱም።

እኔ የሐኪሙን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኋቸው። በጨዋነት ሰሙኝና የሙሽራው አባት እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ አንተ ዋሸህ አልልም። ግን ጋዜጣህ አምና የእኛ ወረዳ ምርት እጥፍ ሆነ ብሎ ጽፏል አሉ። እጥፉን እኔ ጎተራዬ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አጎቴም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

"የሐኪምስ ወረቀት?" አሉ አባ።

"ወረቀትማ ጥርሱን አመመው የሚልም ወረቀት አለ።" ወሬው ወንዝ ተሻግሮ ደርሷቸዋል። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ። ድምፃቸው ተለወጠ። "አንተን ክፉ አስቤህ አላውቅም። አብረን ከብት ጠብቀናል። ግን ከዚህ ልጅ በታች አራት አሉኝ። ስም አንዴ ከተለጠፈ በምን ውኃ ይታጠባል?"

ይህን አስቀድሜ ገምቼ ነበር። ከአንድ ምንጭ ብቻ የተገኘ ወሬ እንደማይጻፍ በሥራዬ ተምሬአለሁ፤ የሐኪሙም ቃል ለእነሱ አንድ ምንጭ ነው፣ ያውም የማያውቁት። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም እንደ ተመለስን የዕረፍት ቀኖቼን ሁሉ ማሳ ለማሳ ስዞር አሳልፌአለሁ። አጫጆቹ መስመራቸውን ሳይለቁ ይመልሱልኛል፤ "ጓድ ጋዜጠኛ፣ እግር ትቆጥር ጀመር?" ይሉኛል። እግሩን ጉንዳን የሚወረው ብዙ ነው፤ ማታ ሲዘረጋው የሚለቀው። እግሩ የጎተተበት ሰው ግን ማግኘት አስቸገረኝ፤ ያገኘሁትም እኔ በፈለግሁበት ሳይሆን ባላሰብሁበት፣ በሙሽራው አባት ደብር ነው። በዕድሜ የገፉ፣ በጊዜያቸው የመስመር ራስ የነበሩ ሰው ናቸው። ለመምጣት ተለምነዋል። መጀመሪያ "የረሳሁትን ነገር ለምን ታስታውሰኛለህ?" ብለው ነበር። የታጨችው ልጅ በዚህ ሰበብ ልትቀር ነው ስላቸው ግን በትራቸውን አነሡ።

ወይራው ሥር ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት እኒሁ ሰው ናቸው። ተነሡና ቁምጣቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሰበሰቡት።

"እዚህ ጋ ነበር" አሉ። "ያኔ ገና ልጅ እግር ነኝ። አጨዳ ላይ እግሬ ሞተ። እናቴ አልቅሳ አልቅሳ ለሰው እንዳታሳይ አለችኝ። ክረምቱ ሳይገባ ተመለሰ። ያውላችሁ፤ ሰባት ወልጄ ሰባቱም ደኅና ናቸው።"

የሙሽራው አባት ሰውዬውን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። "አንቱ? ዕድሜ ልካችንን ጎረቤት ስንሆን አልነገሩኝም።"

"ብነግርህ ልጅህን ለልጅ ልጄ ትሰጠኝ ነበር?"

ባለፈው ዓመት ሴት ልጃቸውን ድረውላቸዋል። አባ ጢማቸውን ዳሰሱ።

የሙሽራው አባት ግን በአንድ ቃል የሚረቱ ሰው አይደሉም፤ ይህንንም አከበርሁላቸው። "እንዲህ ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ጥር ይለፈን። ለዳግማይ ትንሣኤ እንገናኝ። እግሩን ካነሣ ልጆቹን እናጋባለን። ካላነሣ ያለ ክፉ ቃል እንለያያለን፤ ለምን እንደ ተለያየንም ከዚህ ወይራ አይወጣም።"

"እስማማለሁ" አሉ አጎቴ።

ከዚያ የመጣውን ጊዜ እኔ በየሳምንቱ እየተመላለስሁ ነው ያየሁት። ቁጢጥ ሳይሉ መኖር ለጎጃም ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። እሳት የሚያነደው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ላም የሚያልበው፣ ሸንጎ የሚሰማው፣ ሜዳ የሚወጣው ቁጢጥ ብሎ ነው። አጎቴ በርጩማ አሠሩና በሄዱበት ይዘውት ይዞሩ ጀመር። ጎረቤት "አውራጃ አስተዳዳሪው መጡ፣ ወንበራቸውንም ይዘዋል" እያለ ያሾፍባቸዋል። እሳቸው በርጩማውን መሬት ላይ ጠቅ አድርገው ይቀመጣሉና "አቤቱታህን አቅርብ" ይሉታል። ረስተው ቁጢጥ ሊሉ ሲሉ ሚስታቸው ከማድ ቤት "ኧረ አንቱ ሰውዬ፣ ጉልበትዎ!" ይላሉ። ጧት ጧት እግራቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን ወደ ራሳቸው ለመሳብ ይታገላሉ። በመጀመሪያው ወር ምንም አልነበረም። ትእዛዙ ከፊታቸው ይነበባል፣ ከእግሩ ግን መልስ የለም። እሳቸው ግን ልክ መልስ እንደሚያገኝ ሰው በማግሥቱ እንደገና ያዝዙታል።

በስምምነቱ ሰሞን የአጎቴ አንድ ማሳ ገና አልታጨደም ነበር። በወንፈል የመጡት ሰዎች የመስመሩን ራስ ማን እንደሚይዝ ሲተያዩ ልጅቱ የአባቷን ማጭድ ይዛ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ሴት የመስመር ራስ ሆና ያየ አልነበረም። ማሳው እኩል ሳይደርስ ተነሣች፤ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ እግሯን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ታወዛውዘው ጀመር።

"ኸረ ሙሽሪት፣ ወገብሽ ቅቤ ነው እንዴ?" አላት አንዱ ከመሬት።

"የእናንተን አላውቅም። እኔ ለሠርጌ እግር ያስፈልገኛል። የማይነሣ ካለ አይነሣ፤ በኋላ ጋዜጠኛው መጥቶ ይጠይቀዋል።"

ስቀው ተነሡ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም። ያን ዓመት በዚያ ማሳ ላይ ሰው ቆሞ እግሩን አሳሳበ። በሌላው ማሳ ላይ እንደ ድሮው ሆኖ ቀጠለ፤ ይህንንም መመዝገብ አለብኝ።

ዐቢይ ጾም ከተያዘ በኋላ አንድ ቅዳሜ ስደርስ አጎቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ። ቃል ሳይናገሩ የግራ እግራቸውን አሳዩኝ። ትልቁ ጣት ትንሽ፣ እንቁላል ውስጥ እንዳለ ጫጩት ያህል፣ ነቅነቅ አለ። "ትናንት ነው" አሉ። "ለሴቶቹ አልነገርሁም። በእርግጥ መሆኑን ልይ ብዬ ነው።" ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከፍ እያለ ሄደ። ሆሳዕና ሲደርስ በረባሶው እግራቸው ላይ ይውል ጀመር።

ዳግማይ ትንሣኤ ከቅዳሴ በኋላ የሙሽራው አባት ከሽማግሌዎቹ ጋር መጡ። ቤት አልገባም ብለው ከደጅ ቆሙ። አጎቴ ከበረቱ እስከ አጥሩ ድረስ ተራመዱላቸው፣ ተመለሱ። እግሩ አልቧጠጠም። ቆመው ተረከዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ጣቶቻቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ቀኝና ግራው እኩል ነው።

"ተቀመጥ" አሏቸው የሙሽራው አባት። "ዓይንህን ጨፍን።" ሐኪሙ ያደረገውን ከእኔ ሰምተዋል። ከአጥሩ ሥር ሰንበሌጥ ቀጠፉና ጎንበስ አሉ። በጫፉ ባታቸውን ነኩ። "እሺ።" ከጉልበት በታች በውጭ ነኩ። "እሺ።" ወደ ታች ወረዱ። "እሺ።" ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ሲደርሱ አጎቴ ዝም አሉ። ሰውዬው ደግመው ነኩት። ዝም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ ከጎን ቆሜ አፌን እንዳልከፍት ጥርሴን ገጠምሁ።

አጎቴ ዓይናቸውን ገለጡ። "ነካኸኝ?"

"ሁለት ጊዜ።"

"እዚያች ጋ ገና ነች። አልሰማኋትም።"

የሙሽራው አባት ሰንበሌጡን በጣቶቻቸው መካከል አዙረው አዩት። "የተባባልነው እግርህን እንድታነሣ ነበር። አነሣህ" አሉ። ሰንበሌጡን ጥለው እጃቸውን ዘረጉና አጎቴን ከበርጩማው ስበው አስነሡአቸው፤ ትከሻቸውንም መቷቸው። "ይቺን ሰምተሃታል?"

"ይቺንስ ሰማኋት።"

ከዚያ ቤት ገቡ። ቀኑ ለግንቦት መባቻ ተቆረጠ። የአጎቴ ሚስት ጓዳ ቆመው ሲያዳምጡ ኖረው፣ እንግዶቹ ገና ሳይቀመጡ ልጃቸውን ጠሩ። "ጊዜ የለንም" አሏት። "ገብሱን አውጪ። ብቅሉ ዛሬውኑ ይዘፍዘፍ።"